ቅርንፉድ ማን ይልቀም?

ፔምባ እሄዳለሁ ስል ጓደኞቼ «ዛንዚባር ማለትሽ ነው?» አሉኝ። ነውም፣ አይደለምም። ዛንዚባር የምንለው የደሴቶች ስብስብ ነው። ቱሪስቱ የሚጎርፍበት፣ ጭፈራውና ነጭ አሸዋው ያለበት ደሴት ኡንጉጃ ይባላል። ፔምባ ከእሱ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጸጥ ብላ ተቀምጣለች። ጭፈራ የለ፣ ግርግር የለ። ቻኬ ቻኬ የምትባለው ዋናዋ ከተማ እንኳ በጊዜ ነው የምትተኛው። የጥንት አረቦች «አረንጓዴዋ ደሴት» ይሏት ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ኮረብታው ሁሉ ዛፍ ነው።

ሰው ወደዚህ የሚመጣው ለመጥለቅ ነው። በደሴቲቱና በአፍሪካ ምድር መካከል ያለው ባሕር በጣም ጥልቅ ስለሆነ ኮራሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እኔ ዋና የተማርኩት ሆቴል ገንዳ ውስጥ፣ እግሬ ወለል እየነካ ስለሆነ ጠላቂ ነኝ አልላችሁም። ሚሳሊ የምትባል ትንሽ ደሴት አጠገብ መነጽር አድርጌ ከላይ ተንሳፈፍኩ። በቃኝ! አፍንጫዬ ስር ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ ይርመሰመሳል፤ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ስል ደግሞ ከታች ምንም የለም፣ ሰማያዊው እየጠቆረ ይሄዳል። የስሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ታውቃላችሁ? እሱ ነው፤ ልዩነቱ መቆሚያ የለም።

ግን ያወራችሁ ዘንድ ያስመኘኝ ባሕሩ ሳይሆን ቅርንፉዱ ነው። በለቀማ ወቅት በየመንገዱ ዳር ምንጣፍ ተዘርግቶ ቅርንፉድ ይሰጣል፤ መንደሩ በሙሉ የእናቴን ሻይ ይሸታል። ያቺ ሚስማር የምትመስለው ነገር ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ እንደሆነች ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከፈነዳች ዋጋ የላትም። ስለዚህ ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ በወቅቷ፣ በእጁ ይለቅማታል። ዛፉ ከ10 ሜትር በላይ ያድጋል፤ እንቡጡ ደግሞ ቀጭኑ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ስዋሂሊዎች «ካራፉ» ይሉታል። የእኛም የነሱም ቃል ከአረብኛው «ቀረንፉል» የመጣ ነው።

ዛፉ የደሴቲቱ ተወላጅ አይደለም። መነሻው ኢንዶኔዥያ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦማን ሱልጣኖች በባሪያ ጉልበት አስፋፉት። በ1872 (እ.ኤ.አ.) ከባድ አውሎ ነፋስ የኡንጉጃን ዛፎች ሲያወድም ፔምባ ቀዳሚ አምራች ሆነች። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1897 ነው። ያን ሁሉ እንቡጥ ማን ለቅሞት እንደነበር ከዚህ ማሰብ ነው።

አንድ ሽማግሌ ቤት ገባን። ያስተረጎመልኝ ልጃቸው ነው፤ ጠላቂዎችን በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ይሠራል። «ሺካሞ» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚባለው። «ማራሃባ» አሉኝና ወዲያው «አገርሽ ካራፉ ስንት ነው?» አሉ። እኛ ጋ ለወጥና ለሻይ በቁንጥር እንደሚገዛ ነገርኳቸው። በቁንጥር! ሳቁ። እሳቸው በጆንያ ነው የሚያውቁት። በሕግ ገዢው አንድ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ ዋጋውን የሚተምነው እሱ ነው። የተሻለ ዋጋ ፍለጋ በሌሊት በጀልባ ወደ ኬንያ ማሻገር ግን ኮንትሮባንድ ነው፣ ያሳስራል። «ባሕሩ ግን ቅርብ ነው» አሉና ዓይናቸውን ጠቀስ አደረጉልኝ።

አንድ እግራቸው አይታጠፍም፤ ከዛፍ ወድቀው ነው። አሁን ለቃሚ ይቀጥራሉ፣ ለቃሚውም እየጠፋ ነው። «የኔ ልጅ ግን ዛፍ አይወጣም» አሉ። ልጁ ይህንንም ራሱ ነው የተረጎመልኝ፣ እየሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። የአባቱን እግር እያየ ያደገ ሰው ሲሊንደር ተሸክሞ ደመወዝ ቢቀበል ምን ይፈረድበታል? ግን ዛፎቹን የተከሉት የሽማግሌው አባት ናቸው። እሱንም ሰምቻለሁ።

ልንወጣ ስንል ሽማግሌው እጄን ይዘው ረጅም ነገር ተናገሩ። ዛፎቹን እያሳዩ፣ ልጃቸውን እያሳዩ። ዞሬ «ምን አሉ?» አልኩት።

«ደህና ግቢ ነው ያለሽ» አለኝ።