መሣሪያው ምን አለህ?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሥራ ቦታው ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ሞድባሱ አልሠራ አለኝ። ገመዱን ያሰረው ልጅ ነው ያበላሸው» አለኝ። ሳቄም መጣ፣ ደነገጥኩም። ይቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ፤ እኔም ብያታለሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፍሎው ሜትር ገጠምን። ገመዱን የዘረጋው አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ነው። የፒኤልሲውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ። አበራነው፤ ስክሪኑ ላይ ዜሮ። ሳላመነታ «ገመዱ ነው» አልኩ። ልጁ «ኢንጂነር፣ ሁለቴ ቼክ አድርጌዋለሁ» ቢለኝም አልሰማሁትም። አስፈታሁት፣ መልሶ አሰረው፤ ያው ዜሮ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው «ይሄን ልጅ ብናሰናብተውስ?» አለኝ። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ዝምታ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ብቻዬን ቀረሁ። ፒኤልሲውን ከመስመሩ ነቅዬ ላፕቶፔን በአርኤስ-485 መቀየሪያ ሰካሁና ሞድባስ ፖልን ከፈትኩ። ይህ ሶፍትዌር በፒኤልሲው ቦታ ሆኖ መሣሪያውን ይጠይቃል፤ የሄደውንና የመጣውን ባይት አንድ በአንድ ያሳያል። ፕሮግራሜ ላይ የጻፍኩትን ያንኑ ጥያቄ ላክሁ፦ ከአድራሻ 1 ጀምሮ 10 ሬጅስተር። መልስ መጣ፦ 01 83 02፣ ከኋላው ሁለት የሲአርሲ ባይቶች።

01 የመሣሪያው ቁጥር ነው። 83 ማለት «03 የሚለውን ትእዛዝህን ሰምቻለሁ፣ ግን አልችልም» ነው። 02 ደግሞ «የጠየቅኸኝ አድራሻ እኔ ጋ የለም»። ሦስት ቀን ሙሉ ሞተ ያልኩት ገመድ መልሱን አንድም ሳያዛባ አድርሶልኛል!

ማኑዋሉ ላይ ያሉት ሬጅስተሮች ከ40001 እስከ 40010 ናቸው። ሞድባስን ሞዲኮን ካወጣው ከ1979 ጀምሮ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች፦ ወረቀቱ ከ1 ይቆጥራል፣ ገመዱ ላይ የሚሄደው ቁጥር ግን ከ0 ይጀምራል። እኔ ከ1 ስጀምር የሌለ አሥራ አንደኛ ሬጅስተር እየጠየቅሁ ነበር። 1ን ወደ 0 ቀየርኩ፤ ፍሰቱ መጣ።

ጠዋት ኃላፊው ባለበት «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ልጁ «ዋናው መሥራቱ ነው፣ ኢንጂነር» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለተማሪዎቼ፣ በአጭሩ፦

መልስ ጨርሶ ካልመጣ፦ ኃይሉን፣ ኤ እና ቢን፣ የመሣሪያውን ቁጥር፣ ባውድ ሬቱንና ፓሪቲውን እዩ።

የሲአርሲ ስህተት ከመጣ፦ መስመሩ ተረብሿል። በሁለቱ ጫፍ 120 ኦም መኖሩን፣ ገመዱ ከሞተር ኬብል ጋር አብሮ መሄድ አለመሄዱን እዩ።

ኤክሴፕሽን ከመጣ፦ መሣሪያው ሰምቷችኋል፣ ገመዱን ተዉት። ጥያቄያችሁን እዩ።

ለደወለልኝ ተማሪዬም «መጀመሪያ መሣሪያው ምን አለህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «አልጠየቅኩትም» አለኝ። «እንግዲያው ልጁን ተወውና እሱን ጠይቀው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ማታ መልሶ ደወለ። ገመዱ ደህና ነው።