የጸደቀው ስንት ነው?

ሰው የሠራውን ሥራ ለመቁጠር ይቸኩላል፤ ሥራው ፍሬ ማፍራቱን ለመጠየቅ ግን ይዘገያል። ይህ ጠባይ በሁላችንም ላይ ያለ ስለ ሆነ፥ ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጉድለት በመናገር ብንጀምር አንባብያን ቅር እንደማይላቸው እናምናለን። ልንናገር ያሰብነውም በዛሬው ዘመን ዓለምን ሁሉ ስለሚያሳስበው ስለ አየር ጠባይ መለወጥና፥ እያንዳንዱ ሰው በዚህ ረገድ ስላለበት ድርሻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የምንሠራበት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ችግኝ ለመትከል ወደ እንጦጦ ተራራ ወጥተን ነበር። ዕለቱ ጭጋግ የበዛበት፥ ካፊያውም የማያቋርጥ ነበር። ለእያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ችግኝ ታደለን። ጉድጓዱ አስቀድሞ ተቆፍሮ ስለ ቆየን ሥራው ከአንድ ሰዓት የበለጠ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ችግኙን እንደ ሕፃን አቅፈን ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ዳቦና ሻይ ቀርቦልን እየተሣሣቅን ወደ ከተማ ወረድን። ሪፖርት ማዘጋጀት የእኛ ተግባር ስለ ሆነ፥ በማግሥቱ ሁለት መቶ ሠራተኛ በሃያ ችግኝ ሲባዛ አራት ሺህ ችግኝ መተከሉን በንጹሕ ወረቀት ጽፈን፥ አስፈርመንና ማኅተም አስደርገን ላክን። ያን ቁጥር በጻፍን ጊዜ የተሰማን ደስታ ቀላል አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ዘመድ ለመጠየቅ ወደ እንጦጦ ማርያም አቅጣጫ በወጣን ጊዜ፥ መንገዳችን በተከልንበት ስፍራ አጠገብ የሚያልፍ ሆነና የእጃችንን ሥራ ለማየት ጎራ አልን። ያገኘነው ግን የደረቀ ሣርና የከብት ዱካ ነበር። ከብዙ ፍለጋ በኋላ የተከልንበትን ረድፍ ለይተን ቆጠርን። ከሃያው ችግኝ የዐሥራ አንዱ ምልክት እንኳ የለም፤ ሰባቱ ቆመው ደርቀዋል፤ ሁለቱ ብቻ አረንጓዴ ናቸው። ከደረቁት አንዱን በጣታችን ቆፍረን ብናወጣው ሥሩ በጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ እንደ ታሰረ ሰው ተጠማዞ ሞቷል። ላስቲኩን ያላወለቅነው ሌላ ማንም ሳይሆን እኛው ራሳችን ነበርን፤ በዚያች ቀን ዝናሙን ለመሸሽ ስንቸኩል መሆኑ ትዝ አለን።

ወደ ቤት ተመልሰን ነገሩን ለእናታችን ብናጫውታቸው፥ ጥጡን እየፈተሉ በጥሞና ሰሙንና «ታዲያ ልጄ፥ ቀብረህ ነበራ የመጣኸው!» አሉን። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ደግሞ «ለመሆኑ የሁሉም ሲቆጠር የጸደቀው ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። አራት ሺህ የሚለውን ቁጥር የጻፍንበት ወረቀት የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን የሚጠይቅ ዓምድ አልነበረውም።

አንባብያን ይህን ቃል ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ቋንቋችን መልካም ሥራ ሠርቶ ለሚያልፍ ሰው ጸደቀ ይላል፤ መሬት ይዞ ለሚበቅል ችግኝም ጸደቀ ይላል። መትከል በሰው እጅ ያለ የአንድ ቀን ነገር ነው። መጽደቅ ግን በክረምት ውርጭና በበጋ ሐሩር ተፈትኖ ማለፍ ነው። አባቶቻችን ለሁለቱ አንድ ቃል ማዋላቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም።

እናታችን ይህን የጠየቁት ከምንም ተነሥተው አይደለም። የተወለዱት በደብረ ታቦር አካባቢ ነው። በዚያ አገር ቀድሞ የነበረው ደን ለእርሻና ለማገዶ ተመንጥሮ አልቆ፥ የተረፈው አብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ነው። ከከፍታ ሆኖ ለሚመለከት ሰው፥ በቢጫ የእርሻ ማሳ መካከል እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያሉ አረንጓዴ ደሴቶች ይመስላሉ። እነዚህን ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ካህናቱንና ምእመናኑን እያወያዩ፥ በብዙ አጥቢያዎች በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ረድተዋል። ካቡ ከብት እንዳይገባ ስለሚከለክል፥ ከትልልቁ ዛፍ ሥር የወደቀው ዘር በቅሎ ለማደግ ዕድል ያገኛል። እንግዲህ ደኑን ያቆየው የተካዩ ብዛት አይደለም፤ በየትውልዱ ጠባቂ ማግኘቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የምድራችን ሙቀት የሚጨምርበት ምክንያት ለማስረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ፀሐይ ምድርን ታሞቃለች፤ ምድርም የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። የድንጋይ ከሰል፥ ቤንዚን፥ ናፍጣና እንጨት ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ግን ምድርን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያን ሙቀት ያስቀራል። ፋብሪካዎች ከመስፋፋታቸው በፊት በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 280 ያህል እጅ የነበረው ይህ አየር፥ ዛሬ ከ420 እጅ በላይ ሆኗል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2024 የምድር ሙቀት ከዚያ ከቀድሞው ዘመን በ1.5 ዲግሪ በልጦ የተገኘበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ዛፍ ይህን አየር ስቦ ግንድና ቅርንጫፍ ያደርገዋል። ነገር ግን ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚስበው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ የሚጎላው ዐሥርና ሃያ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። በስድስተኛው ወር የደረቀ ችግኝ ለሰማዩም ለምድሩም አንዳች አልጠቀመም።

በዚህ ላይ አንድ ወዳጃችን ደጋግሞ የሚያነሣው ክርክር አለ። «ዓለምን በጭስ የሸፈኑት ባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። አንተ አንድ ወይራ ብታጠጣ ምን ይለወጣል?» ይለናል። የተናገረው እውነት ነው። በቦረና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ዝናም በአምስት ተከታታይ ወቅቶች ሲከለከልና ከብቱ ሲያልቅ፥ አርብቶ አደሩ ያን ዕዳ የከፈለው ራሱ ላልተበደረው ብድር ነው። ይህን በዓለም ሸንጎ ፊት መናገር ተገቢ ነው፤ መናገርም ያስፈልጋል።

ዳሩ ግን ከሌላው ሂሳብ የሚጠይቅ ሰው የራሱ መዝገብ የጠራ ሊሆን ይገባዋል። ሌሎቹ ያቃጠሉትን በትክክል እንዲቆጥሩ የምንሻ ከሆነ፥ እኛም የጸደቀልንን በትክክል ልንቆጥር ይገባናል። ከዚህም በቀር የአንድ ተዳፋት ዛፍ የዓለምን ሙቀት ባያቆምም፥ የዚያን ተዳፋት አፈር ጎርፍ እንዳይወስደው ይይዛል፤ ውሃውም ወደ ምድር እንዲሰርግ ያደርጋል። ይህን ጥቅም የሚያገኘው ከታች ያለው ሰፈር እንጂ ሩቅ አገር ያለ ሰው አይደለም።

ከጎረቤታችን ከኬንያ የምንማረው አለ። ዋንጋሪ ማታይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ሥራቸውን ሲጀምሩ በናይሮቢ ከተማ የተከሉት ሰባት ዛፍ ብቻ ነበር። ከእነዚያም የቆዩት ጥቂቶቹ ናቸው። እርሳቸው ግን ከዚህ ትምህርት አገኙ እንጂ ተስፋ አልቆረጡም። የመሠረቱት ማኅበር ለገጠር ሴቶች ትንሽ ገንዘብ ይከፍል የነበረው ለጸደቀው ችግኝ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት የእጇን ሥራ ሄዳ የምታይበት ምክንያት ነበራት። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙትም በዚህና ለሕዝብ መብት ባደረጉት ትግል ነው። በአገራችንም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው ተደስቷል፤ እኛም ተደስተናል። እንዲህ ያለ ታላቅ ቁጥር ሙሉ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ ተካይ በእናታችን ጥያቄ ራሱን የጠየቀ እንደ ሆነ ነው።

ስለ ራሳችን እንቀጥል። ከዚያ ጥር በኋላ፥ እንደ መዝገብ ሠራተኛ ልማዳችን፥ አንድ ደብተር ገዝተን በሁለት ዓምድ ከፈልነው። በአንደኛው የጸደቀልንን፥ በሁለተኛው ያቃጠልነውን ልንጽፍ ነበር። በጸደቀው ሥር «ሁለት» ብለን ጻፍን። በተቃጠለው ሥር ስንጽፍ ግን እጃችን ከበደን። በቤታችን በየወሩ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ይገዛል፤ በዓመት ዐሥራ ሁለት ማዳበሪያ መሆኑ ነው። ያ ከሰል ከሰማይ አልወረደም፤ በቆላው አገር የቆመ ግራር ነበር። በየክረምቱ ሃያ ችግኝ ተክለን ሁለት እያጸደቅን፥ በየወሩ ደግሞ አንድ ማዳበሪያ ዛፍ እናነድ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ከባለቤታችን ጋር ተመካክረን ወጡን በኤሌክትሪክ ምድጃ ማብሰል ጀመርን። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኀይል ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ከውሃ የሚገኝ ስለ ሆነ ጭስ የለበትም። እናታችን ግን «ቡና በከሰል ካልፈላ ቡና አይባልም» ብለው አሻፈረኝ አሉ፤ እኛም አልተሟገትናቸውም። ከሰል ቆጣቢ የሆነውን ላቀች የሚባለውን ምድጃ ገዝተን ሰጠናቸው። መብራት የሚጠፋባቸው ቀኖችም ስላሉ ከሰሉ ከቤታችን ፈጽሞ አልወጣም። ሆኖም ዐሥራ ሁለቱ ማዳበሪያ ወደ አራት ወርዷል። ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ገጠርም ቢሆን ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን እንደሚያተርፍ ስለ ታወቀ፥ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ቢያስተምሩበት ትልቅ ነገር ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሃያ ችግኝ ሲታደለን አምስቱን ብቻ ተቀበልን፤ ሁለት ወይራ፥ ሁለት ጽድና አንድ ኮሶ። ላስቲኩን በጥንቃቄ ገፈፍን፤ ሥሩን በለምለም አፈር አለበስን፤ ዙሪያውን ድንጋይ ካብንና እሾህ አጠርን። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ በየሁለት እሑዱ በጀሪካን ውሃ ተሸክመን ወጣን። መጀመሪያ ላይ የሰፈር ልጆች «ጋሼ፥ ለድንጋይ ነው ውሃ የሚያጠጡት?» እያሉ ይስቁብን ነበር፤ ኋላ ግን ጀሪካኑን እየተቀበሉ ያግዙን ጀመር። ኮሶውን ፍየል በላው። አራቱ ጸድቀዋል፤ ዛሬ ጉልበታችንን አልፈዋል።

በዚያው ክረምት የመሥሪያ ቤታችንን ሪፖርት ስናዘጋጅ፥ ሳንታዘዝ አንድ ዓምድ ጨመርንና «ባለፈው ዓመት ከተተከለው የጸደቀ» ብለን ጻፍንበት። የሌሎቹን ስለማናውቅ የራሳችንን ብቻ «ከሃያ ሁለት» ብለን ሞላን። አለቃችን ጠሩን። በዕድሜ የገፉ፥ ቃላቸውን መጥነው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ይህን ዓምድ ማን ጨመረው?» አሉ። እኛ መሆናችንን በፍርሃት ገለጽን። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። በመጨረሻም «እኔም በዚያን ቀን ሃያ ተክዬ ነበር፤ ሄጄ ግን አላየሁም» አሉ። ሪፖርቱ በዚያ ዓመት አዲሱ ዓምድ ሳይኖርበት ሄደ። በተከታዩ ዓመት ግን ከተከላው ሁለት ሳምንት አስቀድመው «ያንን ዓምድህን አትርሳ» አሉን። በዚያ ዓመት የተጻፈው ቁጥር ከአራት ሺህ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ሆኖም ሄዶ ለሚያየው ሰው በቦታው ቆሞ የሚገኝ ቁጥር ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። የአየር ጠባይ ነገርም እንዲሁ ነው። ማንም ሰው የዓለምን ሸክም ለብቻው እንዲሸከም አይጠየቅም፤ የራሱን አንዲት ሎሚ ግን እንዳይጥላት ይጠየቃል። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻችሁ ችግኝ ስታድሉ ስሙንና ስፍራውን አስመዝግቡ፤ በጥርም አብራችኋቸው ሂዱና ቁጠሩ። ተማሪዎች ሆይ፥ ከብዙ ችግኝ ጋር ፎቶግራፍ ከመነሣት ይልቅ ከአንድ ችግኝ ጋር ማደግን ምረጡ። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ባልደረቦቻችንም፥ የምንጽፈው ቁጥር ሁሉ በአንድ ተራራ ላይ የቆመ ወይም የደረቀ ነገር መሆኑን እናስታውስ።

እናታችን ዛሬም እሑድ ማታ ጀሪካናችንን ይዘን ስንገባ «ስንት ተከልክ?» ብለው አይጠይቁንም። የሚጠይቁን ያንኑ የፊተኛውን ጥያቄ ነው፤ እኛም አሁን የምንመልሰው አለን፤ «ስድስት» እንላቸዋለን።