ጤነኛውንም ጠይቅ

አንባቢ ሆይ፣ በአንድ ሠርግ ማግሥት እኔና ሌሎች ብዙ ዕድምተኞች ታመምን። «ዶሮ ወጡ ነው» ተባለ፤ እኔም አብሬ ፈረድሁ። ዶሮ ወጡን ያልቀመሱት ደኅና አድረው እንደ ሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ወጥ ሠሪዋን ለድግስ የጠራት የለም።

ከዓመታት በኋላ የምግብ መመረዝ እንዴት እንደሚመረመር አነበብሁ። እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ፣ በኦስዌጎ አውራጃ፣ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ራት በኋላ ብዙዎች ታመሙ። መርማሪዎቹም ሕመምተኛውንም ጤነኛውንም፣ በድምሩ 75 ሰዎችን፣ ምን ምን እንደ በሉ ጠየቁ። የቫኒላ አይስክሬም ከበሉት 54 ሰዎች 43ቱ ታመዋል፤ ካልበሉት 21 ሰዎች ግን 3ቱ ብቻ። ጥፋተኛው ምግብ በዚህ ንጽጽር ታወቀ።

የእኛ ሠርግ ነገር ግን ሳይጣራ ቀረ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በሰው እንጀራ ላይ ከመፍረድህ በፊት ጤነኛውንም ጠይቅ።