በቀቀን ይዞ መንገድ መሄድ

ሰው መንገድ ሲነሣ ስንቁን ያዘጋጃል፤ በቅሎውን ይጭናል፤ ዛሬም ቢሆን መኪናውን ያስመረምራል። ትንሽ ነፍስ ይዞ የሚሄድ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የምትተነፍሰውን አየር ማሰብ ይገባዋል። ይህን የተረዳነው በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ አገር፥ ከአክስታችን፥ ከልጃቸውና ከሁለት በቀቀኖቻቸው ጋር ከዴንቨር እስከ ግራንድ ካንየን በተጓዝን ጊዜ ነው።

የሄድንበት ተሽከርካሪ በዚያ አገር አር ቪ የሚባለው፥ አልጋና ማድቤት ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት ነበር። ከበቀቀኖቹ አንዱ አረንጓዴ ሲሆን ሁለተኛው ዘሩ ከአፍሪካ ደን የሆነ፥ ጅራቱ የቀላ ግራጫ ነው። ይህ ወፍ በሟቹ ባላቸው ድምፅ «ቡናው ደረሰ?» ይላል። ጎረቤቶች «ለጠባቂ ሰጥተውት ይሂዱ» ብለው ቢመክሯቸው፥ አክስታችን «እርሱን ትቼ የት እሄዳለሁ?» አሉ። እኛም ነገሩን ዳግመኛ አላነሣነውም።

የሰው ሳንባ አየርን ባስገባበት መንገድ መልሶ ያስወጣል፤ በወፍ ሳንባ ግን አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል። ለበረራ የተሰጠው ይህ ብርታት መርዘኛ ጭስንም ፈጥኖ ወደ ደሙ ያደርሳል። በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባለውን ወፍ እስከ 1970ዎቹ ዓመታት ድረስ ወደ ጉድጓድ ይዘው ይወርዱ የነበረው፥ ክፉውን አየር ከሰው ቀድማ ስለምታስታውቅ ነው።

ስለዚህ አክስታችን በቴፍሎን የተቀባውን መጥበሻ አስወጥተው የብረቱን አስገቡ፤ ያ ቅብ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስ ወፍን በጥቂት ጊዜ ይገድላልና። አቮካዶም ለበቀቀን መርዝ ስለ ሆነ ከስንቃችን ተቀነሰ። የሽቦ ጎጆዎቹ እንዳይንሸራተቱ በቀበቶ ታሠሩ። በአልበከርኪ በቀትር ወደ ገበያ ስንወጣ ከመካከላችን አንዱ ከወፎቹ ጋር ቀረ፤ ፀሓይ ላይ የቆመ መኪና እንደ ምድጃ ይግላልና። በቀቀን በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ጨለማና ጸጥታ ስለሚሻ፥ ማታ ጎጆዎቹ በጨርቅ ሲሸፈኑ እኛም ጨዋታችንን በሹክሹክታ እናደርግ ነበር።

ልጃቸው «እስከ ሜክሲኮ እንዝለቅ» ብትል አክስታችን አልፈቀዱም። ግራጫው በቀቀን ለሽያጭ ከዱር እየተያዘ ስለ ተመናመነ፥ መንግሥታት በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በጆሃንስበርግ ተሰብስበው ንግዱን በጥብቅ ከልክለዋል፤ ያለ ፈቃድ ወረቀትም ድንበር አያልፍም።

በግራንድ ካንየን ባደርንበት ማታ አክስታችን ጎጆውን ሲሸፍኑ «ከእኔ በኋላስ ይህን ማን ይይዘዋል?» አሉ። ግራጫ በቀቀን በሰው ቤት 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል፤ ጥያቄውም የጨዋታ አልነበረም። ልጃቸው ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እማዬ፥ የሚበላውንና የሚተኛበትን ሰዓት ጻፊልኝ» አለቻቸው። በማግሥቱም ወረቀቱ ተጽፎ በጎጆው ጎን ተንጠለጠለ።

እኛ መምህራን ሳያስተውል የሚደግመውን ተማሪ «እንደ በቀቀን» ብለን እንገሥጸዋለን። ወፉ የሚለውን ባያስተውለው፥ የሚሰማው ቤተ ሰብ ያስተውለዋል። እንግዲህ በቀቀን ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ከዋጋው በፊት ዕድሜውን ይጠይቅ፤ ከእርሱም በኋላ የሚረከበውን ሰው አስቀድሞ ይወስን።