ያልቆጠርሽውን አትፈርሚ

ንፋስ መውጫ፣ መስከረም 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ እንሆናለን። እዚያ እናትሽ ታለቅሳለች፣ እኔም አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ልነግርሽ የፈለግሁትን ዛሬ ማታ ጽፌ ከበሶው ሥር አስቀምጬልሻለሁ። መኪና ላይ አታንብቢው፤ የጉና ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ራስሽን ያዞረዋል። ባሕር ዳር ገብተሽ፣ እግርሽን ታጥበሽ፣ አረፍ ስትዪ አንብቢው።

የባሕር ዳሩን የማሪታይም አካዳሚ ፈተና አልፈሽ የመርከብ መሐንዲስ ልትሆኚ ነው ሲባል፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ወደብ የሌላት አገር ልጅ መርከብ ላይ ምን ትሠራለች?» እያለ ጠይቆኛል። መልስ አልሰጠሁም። መልሱ በደጃቸው ስንት ዓመት ሲያልፍ ሲያገድም አይተውታል።

አጎትሽ በ2009 ሲያርፍ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ፤ ለቀብሩም አልደረስሽም። አንቺ የምታውቂው ወፍራም ሹራብ ደርቦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በረንዳ ላይ የሚቆመውን ሽማግሌ ነው። ሕፃን ሳለሽ አንድ ሌሊት ነቅተሽ «ጋሼ፣ በጨለማ ምን ያያሉ?» ብትዪው «ተረኛ ነኝ» ብሎሽ ነበር። እናትሽና እኔ ስቀን አለፍነው። እሱ ግን የምሩን ነበር። መርከብ ላይ ተረኝነት በየአራት ሰዓቱ ይቀያየራል፤ ለእሱ ለብዙ ዓመት የደረሰው ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 2 ያለው ነው። ከባሕር ከወጣ በኋላም ገላው ያንን ሰዓት አልረሳም።

የሄደው በ1955 ነው። እስከዚያ ድረስ ያየው ትልቁ ውሃ የበሽሎ ሙላት ነበር። ኤርትራ በ1945 በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገራችን ባሕር አገኘች፤ ጥቂት ቆይቶም ባሕር ኃይሉ ምፅዋ ላይ ተቋቋመ፣ ለመኮንኖቹም አሥመራ ላይ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከኖርዌይ የመጡ መኮንኖች በማደራጀቱ ብዙ ደክመዋል። አጎትሽ ግን መኮንን አልነበረም። ሞተር ክፍል የገባ ተራ ባሕረኛ ነበር፣ ኋላ ፔቲ ኦፊሰር የሆነ። የተመደበውም «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ ነው። በ1954 ከአሜሪካ የተገኘች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል የኖረች፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም መርከብ ናት። ከዚህ ውርጭ ወጥቶ ምፅዋ ወርዶ፣ ከምፅዋም ሙቀት ደግሞ ወደ ናፍጣ ሞተር ሙቀት። «የመጀመሪያውን ወር በላብ ታጠብኩ እንጂ በውሃ አልታጠብኩም» ይለኝ ነበር።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ያዢው። ሞተር ክፍል ውስጥ ተረኛው በየሰዓቱ እየዞረ የዘይቱን ግፊት፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት፣ የሞተሩን ዙር እያየ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። አንድ ሌሊት አጎትሽ ድካም ጣለውና መለኪያውን ሳያይ ካለፈው ሰዓት ገልብጦ ጻፈ። አለቃው መጣ፤ መዝገቡን አየ፤ አልጮኸበትም። ክንዱን ይዞ መለኪያው ፊት አቆመውና «ስንት ይላል?» አለው። አጎትሽ አነበበ። ቁጥሩ ከጻፈው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ! እፎይ ሲል አለቃው እርሳሱን አቀበለውና «ሰርዘው፣ እንደገና ጻፈው» አለው። «ጌታዬ፣ ልክ ነው እኮ» ቢለው፣ «ቁጥሩ ልክ ነው፤ አንተ ግን አላየኸውም» አለው። ይህን ታሪክ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ነግሮኛል። ሲነግረኝ እጁ እርሳስ እንደያዘ ሰው ይጨበጥ ነበር።

ስለ ባሕር ኃይሉ ክብር የሚያወራ ሰው ታገኚያለሽ። በየዓመቱ ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ጃንሆይ ይመጡ ነበር፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየት የጦር መርከቦች ወደቡን ይሞሉት ነበር። አጎትሽም ነጭ ልብሱን ለብሶ ተሰልፏል፤ ፎቶው አለ። ግን ደስ ብሎት የሚያወራው ስለ ሰልፉ አልነበረም።

ያዘነባቸውን ቀኖች ደግሞ በጣት እቆጥርልሻለሁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የጃንሆይ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታ አብረው ተገደሉ። አጎትሽ ለእኚህ ሰው እጁን ወደ ግንባሩ አንስቶ ሰላምታ የሰጠ ነው። ያን ዕለት ምን አደረጋችሁ ብዬ ስጠይቀው «ሞተሩን ስጠብቅ አደርኩ» ብቻ አለኝ። በታኅሣሥ 1970 ሻዕቢያ ምፅዋን ሲያጠቃ ውጊያው የባሕር ኃይሉ ግቢ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ሶቪየቶች መጡ፣ ዳህላክ ላይ ኖክራ ደሴት ሰፈሩ። በየካቲት 1982 ምፅዋ ተያዘች። በግንቦት 1983 ደግሞ አሰብ፤ መርከቦቹ ያላቸውን ሰው ጭነው ወደ የመንና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች ተበተኑ። «ኢትዮጵያ»ም የመን ገባች፣ እዚያው ቀረች፣ በ1985 ለብረታ ብረት ተሸጠች። ይህን ወሬ አንድ የቀድሞ ጓደኛው በደብዳቤ ላከለት። ደብዳቤውን አንብቦ አጠፈውና «መዝገቧ የመጨረሻው ገጽ ላይ ማን ፈርሞ ይሆን?» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

ንፋስ መውጫ የተመለሰው በ1984 ነው፣ በአንድ የሸራ ሻንጣ። ሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎ፣ በስተርጅና ከዜሮ ሲጀምር አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የገበያ ቀን ከሲማዳና ከእስቴ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች አህያ ሲጭኑ ቆሞ ያያቸው ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎት ገመዱን ተቀብሎ አሰረላቸው። ከዚያ በኋላ «ባሕረኛው ይሰርልን» የሚል በዛ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። መሥሪያ ቤቱንም ከተማውንም አልጠራልሽም፤ የሚጠቅምሽ ነገሩ ነው። መርከብ የለ፣ ባሕር የለ፤ ያለው የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19፣ የወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 እና የክምችት መመዝገቢያው ቢን ካርድ ነው። እሱ ግን ያው ሞተር ክፍል ነው ያደረገው። ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ በየጠዋቱ የመጋዘኑን ጣሪያ፣ የወለሉን እርጥበት፣ የጆንያውን ስፌት እየዳሰሰ ይጽፍ ነበር።

አንድ ምሽት ስንዴ የጫነ መኪና መጣ። የማስረከቢያው ወረቀት 400 ጆንያ ይላል። አለቃው «መሽቷል፣ ሾፌሩም ቸኩሏል፣ ሞዴል 19ኙን ቁረጥለትና ነገ እንቆጥራለን» አለው። አጎትሽ የእጅ ባትሪ አምጥቶ መቁጠር ጀመረ። ቆጠራው እኩለ ሌሊትን አለፈ። 388 ሆነ። ሞዴል 19 ላይ 388 ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። አለቃው «የቀረው ነገ ይመጣል፣ 400 አድርገው» አለው፤ እሱም «ነገ ሲመጣ ነገ እጽፈዋለሁ» አለው።

አሥራ ሁለቱ ጆንያ አልመጣም። በወሩ አጎትሽ ወደ ቆላ ተዛወረ፤ የደሞዝ እድገቱም ቀረ። እዚያ ወባ ያዘው።

ልጄ፣ እዚህ ላይ የራሴን ሳልነግርሽ ብቀር ይህ ደብዳቤ ሐሰት ይሆናል። ያን ሰሞን ቤቱ ሄጄ የገሠጽሁት እኔ ነኝ። «አሥራ ሁለት ጆንያ የማን ጎተራ ይሞላል? አንተ ልጆች አሉህ፤ ብትፈርም ምን ነበረበት?» አልሁት። መምህር ነኝ፤ በየቀኑ ለልጆች ሐቀኝነት የማስተምር ሰው ነኝ፤ ለወንድሜ ግን እንዲያ አልሁት። እሱ አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ አላየሁትም እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ ነገሩን አላነሳነውም። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ። ይህ ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

በኋላ እውነቱ ወጥቶ፣ አለቃው ተይዞ፣ አጎትሽ ተክሶ የሚል ፍጻሜ ጠብቀሽ ከሆነ የለም። እድገቱም አልተመለሰለት፣ ማንም አላመሰገነው። ሐቅ ሁልጊዜ ይከፍላል ብዬ አላታልልሽም። እኔ የማውቀው፣ ጡረታ ሲወጣ ርክክቡ ሦስት ቀን ብቻ መፍጀቱን ነው፤ በመጋዘኑ ያለውና በካርዱ ላይ ያለው አንድ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት አንቺ የምትገቢበትን ሥራ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ ስለተረዳሁ ነው። በመርከቡ ሆድ፣ ሞተሩ ሥር፣ ዘይት የነካው ውሃ ይጠራቀማል፤ ቢልጅ ይሉታል። ማርፖል በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ያ ውሃ በማጣሪያ አልፎ ዘይቱ ከሚሊዮን 15 እጅ የማይበልጥ ካልሆነ ወደ ባሕር አይለቀቅም። የተደረገው ሁሉ የዘይት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ያደረገው መሐንዲስ ይፈርማል። አንዳንድ መርከብ ላይ ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብ ማጣሪያውን የሚዘል የተደበቀ ቧንቧ ይቀጥሉና ውሃውን በሌሊት ይለቁታል፤ መዝገቡ ላይ ግን «ተጣርቶ ወጣ» ብለው ይጽፋሉ። አሜሪካ ወደብ ላይ ተይዘው የታሰሩ መሐንዲሶች አሉ፤ የብዙዎቹም ክስ መዝገቡን አሳስተው መጻፋቸው ነው። አንድ ቀን አለቃሽ፣ ምናልባትም ደግ፣ ሥራ ያስተማረሽ ሰው፣ መዝገቡን ዘርግቶ «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» ይልሻል። ኮንትራትሽ በእሱ እጅ ይሆናል። ያን ጊዜ አጎትሽ ያለውን በይ፦ «አላየሁትም»። በአማርኛም ቢሆን በይው፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ትደግሚዋለሽ።

ሌላውን በአጭሩ። ስለ ጾም ከንስሐ አባትሽ ጋር ሳትመክሪ መርከብ ላይ አትውጪ፤ ወጥ ሠሪው ፊሊፒናዊ ወይም ሕንዳዊ ሊሆን ይችላል፣ ረቡዕና ዓርብን አያውቅልሽም። የመጀመሪያ ደሞዝሽን ለእኛ አትላኪ፤ ጥሩ ጫማ ግዢበት። ኮንትራትሽን ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢ፣ ያልገባሽን ጠይቂ። ሴት በመሆንሽ የሚፈታተንሽ ሰው ካጋጠመሽ ዝም አትበዪ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ ያዢ፣ ለሚመለከተው ተናገሪ፣ ለእኔም ተናገሪ። አባቴ ይደነግጣል ብለሽ አትደብቂኝ። እደነግጣለሁ፤ ቢሆንም ንገሪኝ።

በ2010 መንግሥት ባሕር ኃይሉን መልሶ ሊያቋቁም መሆኑን በሬዲዮ ስሰማ ብቻዬን ነበርሁ። በመጋቢት 2011 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ ተባለ። የመጀመሪያው ወሬ ሲሰማ አጎትሽ ከሞተ ገና ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ሄጄ ሳጥኑን ከፈትሁ። ነጩ ልብስ በሻሽ ተጠቅልሏል። ከሥሩ አምስት የተማሪ ደብተር አገኘሁ። በየሌሊቱ 10 ሰዓት በረንዳ ላይ ቆሞ ያየውን ጽፎበታል፦ ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ደመናው፣ ውርጩ፣ ጉና መታየት አለመታየቱ። ከቆላ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልዘለለም። ታሞ በተኛባቸው ቀኖች፣ እጁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን፣ ቀኑን ጽፎ ከጎኑ «አላየሁም» ብሏል። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ መስመሮች ሁሉም «አላየሁም» ናቸው።

ከደብተሮቹ አንዱን ሻንጣሽ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው።

የሻንጣሽ ዚፕ ስለተበላሸ በገመድ አስሬዋለሁ። ቋጠሮው የእሱ ነው። ትንሽ ቀለበት ይሠራና የገመዱ ጫፍ ከሥር በቀለበቱ ይወጣል፣ ዋናውን ገመድ ከኋላ ዞሮ በወጣበት ቀለበት ይመለሳል። ሲጎተት ይጠብቃል እንጂ አያንሸራትትም። ባሕር ዳር ስትደርሺ በቢላ አትቁረጪው። ከኋላ በኩል ገመዱን የዞረውን ጉብታ በአውራ ጣትሽ ወደፊት ገፋ አድርጊው፤ ራሱ ይፈታልሻል።

አባትሽ