ከቆጋ ዳር የተነሣ ጥያቄ

እኛ ያደግነው ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በመራዊ ከተማ፣ በቆጋ ወንዝ አጠገብ ነው። አባታችን በግንበኝነት ሥራ ከከምባታ ወደ ጎጃም መጥተው በዚያው የቀሩ ካቶሊካዊ ነበሩ፤ እናታችን ግን የአገሩ ተወላጅ፣ የተዋሕዶ ልጅ ናቸው። እኛ በአባታችን ሃይማኖት ስለ ተጠመቅን፣ አያታችን አንድ ዓመት ሙሉ የቤታችንን ደጃፍ ሳይረግጡ እንደ ኖሩ ሲነገር ሰምተናል፤ ኋላ ግን መጥተው ያው እርሳቸው በጀርባቸው አዝለው አሳደጉን። በቤታችን ሃይማኖቱ ሁለት ሲሆን ጾሙ አንድ ነበረ፤ ወጥ የሚሠሩት እናታችን ነበሩና አባታችን ወደዱም ጠሉም የእርሳቸውን ጾም ይጾሙ ነበር።

ሃይማኖታችን ጥያቄ የሆነብን 9ኛ ክፍል ስንማር ነው። አንድ ቀን የታሪክ ትምህርት ዐፄ ሱስንዮስ ላይ ደረሰ። መምህሩ በመጽሐፉ ያለውን ከመናገር በቀር ምንም ክፉ ቃል አልጨመሩም፤ ዳሩ ግን የክፍሉ ልጆች ሁሉ አንገታቸውን አዙረው ወደ እኛ ተመለከቱ። በዕረፍት ሰዓትም አንድ ጓደኛችን ቀርቦ፣ «የናንተ ንጉሥ እሱ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ልጁ የጠየቀው በየዋህነት ነበር፤ እኛ ግን የምንመልሰው አጣን።

ማታ ለአባታችን ነገሩን ብናጫውታቸው፣ «እኔ የሱስንዮስን ስም የሰማሁት ጎጃም ከገባሁ በኋላ ነው፤ አባቴን ያስተማሩት ሌሎች ናቸው» ብለው ወደ እራታቸው ተመለሱ። መልሱ እውነት ነው፤ ለእኛ ግን አልበቃንም። ስለዚህ ራሳችን ማንበብ ጀመርን። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ የገረመን የስሙ ነገር ነው። በጣና አጠገብ ዐፄ ሱስንዮስ ከሰፈሩባቸው ከተሞች አንዱ ቆጋ ይባል ነበር። እኛም ያ ቆጋ የኛው ወንዝ መስሎን፣ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ እናገኛለን ብለን አንድ ቅዳሜ ሙሉ በወንዙ ዳር ስንዞር ዋልን። ያገኘነው የመስኖ ቦይና የስንዴ ማሳ ብቻ ነው። ያኛው ቆጋ ከሐይቁ ማዶ በእንፍራዝ በኩል እንደ ነበረ የተረዳነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የታሪኩን መጀመሪያ ስናነብ ደስ ብሎን ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባሉት እስፓኛዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1603 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገብተው አማርኛውንም ግእዙንም ተማሩ። በ1618 ዓ.ም. የግሽ ዓባይን ምንጭ አይተዋል፤ ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ሲወርድ የኛን ቆጋ በመንገዱ ተቀብሎ ያልፋል። ሰውዬው በትዕግሥትና በክርክር እንጂ በግድ የሚያምኑ አልነበሩም፤ ንጉሡም ካቶሊክ መሆናቸውን በግልጽ ያስታወቁት ፓኤዝ በሞቱበት በ1622 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እያፈርን አነበብነው። ፓትርያርክ ሆነው የመጡት አልፎንዝ ሜንዴዝ ነበሩ። በየካቲት ወር 1626 ዓ.ም. ንጉሡ በፊታቸው ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን ማሉ። ፓትርያርኩም የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ በዓላቱና አጽዋማቱ በሮማ አቆጣጠር እንዲሆኑ አዘዙ። ሺህ ዓመት ሲጸልይ የኖረን ሕዝብ ጸሎትህ ጸሎት አልነበረም ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? አገሩ በአመፅ ተነሣ። በ1632 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል፤ ድል ያደረጉትም ሆኑ ድል የተደረጉት የአንድ አገር ክርስቲያኖች ነበሩ። በዚያው ዓመት ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

በዚያው ዘመን ከነበሩት ሰዎች መካከል ግን ልባችንን የወሰዱት ንጉሡም ፓትርያርኩም አይደሉም፤ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናቸው። የታላቅ የጦር ሹም ሚስት ሲሆኑ ባላቸውን ትተው መነኮሱ፤ የንጉሡንም ሃይማኖት አንቀበልም ብለው ተቃወሙ፤ ተጋዙ፤ ከግዞት ሲመለሱም በጣና ዙሪያ ለተከታዮቻቸው ማኅበራትን አቋቋሙ። በሐይቁ ዳር በቆራጣ ስማቸው እስከ ዛሬ ይከበራል። ገድላቸውን ስናነብ የሚያሸሹዋቸው፣ የሚያስጨንቁዋቸው ሰዎች የኛው ወገን ናቸው። እኛም መጽሐፉን ዘግተን ልባችን ከማን ጋር እንደ ቆመ ብንመረምረው፣ ከሳቸው ጋር ቆሞ አገኘነው። ለካቶሊክ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶናል።

በመጨረሻም ባሕር ዳር ላሉ አንድ ካህን፣ «አባ፣ ቤተ ክርስቲያናችንን የተቃወመችን ሴት ማድነቅ ኃጢአት ነውን?» ብለን ጠየቅናቸው። ካህኑ ሳቁና፣ «እሷ የተቃወመችው ግዴታውን ነው ወይስ ሃይማኖቱን?» ብለው መልሰው ጠየቁን። ሁለቱንም ነው፤ ይህን መሸሸግ አይቻልም። እርሳቸውም ብዙ ሳይከራከሩን የአባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ እንድናነብ ሰጡን።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ዓ.ም. በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አጠገብ ተወልደው በዚያው ገዳም መነኮሱ። በዘመናቸው ሊቃውንቱ በቅባትና በጸጋ ተከፋፍለው ይከራከሩ ነበርና፣ እርሳቸው እውነቱን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይዞሩ ነበር። በ1841 ዓ.ም. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ተጉዘው፣ አቡነ ያዕቆብ ተብለው ከሚታወቁት ጣሊያናዊ ከዩስቲኖ ደ ያቆቢስ ጋር እስከ ሮም ደረሱ። ካቶሊክ የሆኑት ግን ወዲያው አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሲመረምሩ ቆይተው በ1844 ዓ.ም. ነው። በ1855 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ሃይማኖትህን ተው ተብለው እንቢ ስላሉ፣ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር ሲነዱ በመንገድ ሞቱ። ሮማ በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናይ፣ የጎጃሙ መነኩሴ ለወለተ ጴጥሮስ ከሜንዴዝ ይልቅ ይቀርባሉ። ሁለቱም በንጉሥ ፊት እንቢ ብለዋል። ቤተ ክርስቲያናችንም ማንም ሰው በግድ እንዲያምን እንዳይደረግ በቫቲካን ጉባኤ የወሰነችው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ከወይና ደጋ በኋላ 333 ዓመት ቆይታ መሆኑ ነው። ዘገየ እንላለን፤ ግን እንደ ተጻፈ ደስ ይለናል።

ባለፈው ዓመት አባታችን ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ባሕር ዳር ተወስዶ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት እንዲደረግለት ሲወሰን፣ የመራዊው ዕድራችን ሰዎች ይመጣሉ ብለን አላሰብንም ነበር፤ ሁሉም ተዋሕዶዎች ናቸውና። እነሱ ግን መኪና ተከራይተው መጡ። አንዳንዶቹ ገቡ፤ የሚበዙት ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅጥሩ ውጭ ቆሙ። የዕድሩ ሰብሳቢ፣ በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ ሽማግሌ፣ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር።

ቅዳሴው በግእዝ ተጀመረ፤ በዚህ አገር ያለን ካቶሊካውያን የምንቀድሰው በአባቶቻችን በግእዙ ሥርዓት ነውና። ሜንዴዝ ያሰቡት ሁሉ ቢፈጸም ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። አባታችን ራሳቸው በትውልድ አገራቸው የላቲኑን ሥርዓት ለምደው አድገው፣ ግእዙን በጎልማሳነታቸው ገና ሲማሩ ምላሳቸው እየተሰናከለ እናታችንን ያስቋቸው ነበር። እኛ ዕጣን ልናመጣ ወደ በሩ ወጣ ስንል፣ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው የሕዝቡን ተሰጥዎ በዝግታ በዜማ ሲመልሱ አገኘናቸው። አንዱንም አላሳቱ። መቆማችንን ሲያውቁ ግን ደንገጥ ብለው ዝም አሉ።

ጸሎቱ ሲፈጸም ጠሩንና፣ «ልጄ፣ ታዲያ የተለያየነው በምኑ ነው?» አሉን።

እኛም አንብበን ነበርና፣ በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን ስለ ተደረገው ጉባኤ፣ ስለ አንድ ባሕርይና ስለ ሁለት ባሕርይ ልናስረዳቸው ጀመርን። ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በትዕግሥት ይሰሙን ነበር። ንግግራችንን ሳንጨርስ ሣጥኑ ከውስጥ ወጣ፤ እርሳቸውም «ቆየኝ ልጄ» ብለው በትራቸውን ለእኛ አስያዙንና፣ ከጎረምሶቹ መካከል ገብተው የሣጥኑን አንድ ጫፍ ደገፉ።