ታችፓድ ሲያብድ

የላፕቶፕ ታችፓድ የሚለካው የጣትን ግፊት ሳይሆን ኤሌክትሪክን ነው። ከለስላሳው ገጽ ሥር በቁምና በአግድም የተዘረጉ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች አሉ፤ መስመሮቹ ላይ ትንሽ ቻርጅ አለ። የሰው ጣት ውሃና ጨው ያለበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አካል ስለሆነ ሲጠጋቸው የዚያን ቻርጅ ሚዛን ያዛባዋል። መዛባቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ፒኮፋራድ በታች ነው። ከሥር ያለችው ቺፕ ይህን ኢምንት ለውጥ በየሰከንዱ ደጋግማ እየለካች ጣቱ የት እንዳለ ታሰላለች። በእስክሪብቶ ክዳን ቢነካኩት መልስ የማይሰጠው፣ ጓንት ያጠለቀ እጅም የማይሰማው ለዚህ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ1994 በፓወርቡክ 500 ላፕቶፖቹ ላይ ተንከባላይዋን ኳስ አውጥቶ በዚህ ዓይነት ሰሌዳ ተካ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ይህ አሠራር ከታወቀ የብልሽቱ ግማሽ ታወቀ ማለት ነው። «አበደ» የተባለ ታችፓድ ብዙውን ጊዜ የሚለካውን በትክክል እየለካ ነው። የተበላሸው የሚለካው ነገር ነው፦ እርጥበት፣ የመስመር ኤሌክትሪክ፣ ያበጠ ባትሪ ወይም ሳይታሰብ ያረፈ መዳፍ። በጥገና ቤቶች ቀድሞ የሚሰማው መልስ ግን «ፎርማት ይደረግ» ነው። ፎርማት ፋይል ያጠፋል፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ከአራቱ አንዱንም አይነካም።

መጀመሪያ የሚለየው የእብደቱ ዓይነት ነው። ጣት ሳይነካው ጠቋሚው ባለበት የሚርገበገብ ከሆነ የኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብነት ይጠረጠራል። ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ እያለ ብቻውን የሚንሸራተት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከታች ይመጣል። ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው የሚዘል ከሆነ ሰሌዳው ከአንድ በላይ ጣት ያለ መስሎታል። ቆም፣ ሄድ፣ ቆም የሚል ከሆነ ግን ጥፋቱ የታችፓዱ ላይሆን ይችላል፤ ሃያ የብሮውዘር ታብ የተከፈተበት ባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ጠቋሚውንም ያንቀረፍፈዋል።

እርጥበት ቀላሉ ነው። ከምሳ በኋላ ታጥቦ በቅጡ ያልደረቀ እጅ፣ የእጅ ቅባት፣ ላብ፣ ከሻይ ብርጭቆ የወረደ ጠብታ፣ ሁሉም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ቺፗም ጠብታውን እንደ ጣት ትቆጥረዋለች። ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ላይ 70 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥቂት ነክሮ ማጽዳት ይበቃል። አልኮሉ ጨርቁ ላይ እንጂ ሰሌዳው ላይ አይፈስም።

ኤሌክትሪኩ ግን ሰፊ ጉዳይ ነው፤ በኢትዮጵያ ቤቶች ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይኸው ይመስላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ጠቋሚው ሰላም ነው፤ ቻርጀሩ እንደተሰካ ይንቀጠቀጣል። አካሉ ብረት ከሆነ የእጅ አንጓ ሲያርፍበት ውርር ያደርጋል፣ «ይነዝራል»። ምክንያቱ ቻርጀሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ካፓሲተር ናት። የራሱን የቻርጀሩን የኤሌክትሪክ ጩኸት ለማፈን ከመስመሩ ወደ ላፕቶፑ በኩል ተገናኝታ የምትሠራ ናት፤ ጩኸቱን የምታወርደው ግን መሬት ላይ ነው። የመሬት መስመሩ (ግራውንድ) ከሌለ የላፕቶፑ አካል ከመስመሩ ቮልቴጅ ግማሽ ገደማ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። 220 ቮልት ባለበት አገር ይህ ወደ 110 ነው። የሚፈሰው ከረንት ከ1 ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ ደህና ቻርጀር ሰው አይጎዳም፤ የፒኮፋራድ ክፍልፋይ ለምትለካ ቺፕ ግን ጆሮ የሚያደነቁር ነው።

ግራውንዱ የሚጠፋው በመንገድ ላይ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ሦስት እግር ያለው መሰኪያ ይዞ ይመጣል፤ ከዱባይ የመጣውም እንዲሁ። ሁለቱም የግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ስለማይገቡ አስማሚ ይገዛላቸዋል፤ ርካሹ አስማሚ ደግሞ ሁለት ክብ እግር ብቻ ነው ያለው፣ ሦስተኛው እዚያው ይቀራል። አንዳንዱ ገመድ ከቻርጀሩ ሳጥን ጋር የሚገጥመው ጫፉ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ጫፉ ባለ ሁለት እግር ነው። ገመዱ ቢሟላ እንኳ ኤክስቴንሽኑ፣ ኤክስቴንሽኑ ቢሟላ የቤቱ መስመር ግራውንድ ላይኖረው ይችላል። አሜሪካ ሳለ ምንም ያልነበረበት ማሽን አዲስ አበባ ሲገባ የሚያብደው እንግዲህ በቮልቴጁ እጥፍነትና በጠፋው እግር ነው። በጎኑ የብረት ምላስ ያለው ሶኬትና ከዚያ ጋር የሚገጥም ሙሉ ገመድ መፍትሔው ነው። ያ እስኪገኝ ቻርጅ አድርጎ ነቅሎ መሥራት ያስኬዳል። የሞባይል ቻርጀር ያህል የቀለለ፣ ስሙ ያልታወቀ ምትክ ቻርጀር ከሆነ ደግሞ ከእነ ግራውንዱም መርበሹ አይቀርም።

ባትሪው ለነገ የማይባለው ነው። በብዙ ላፕቶፖች የሊቲየም ባትሪው በትክክል ከታችፓዱ ሥር ወይም ከጎኑ ይተኛል። ሲያረጅ ውስጡ ጋዝ ይፈጠርና ያብጣል፤ ሲያብጥ ሰሌዳውን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ክሊኩ መጀመሪያ በአንድ በኩል ይደርቃል፣ ቀጥሎ ጭራሹን አልጫን ይላል፤ ወይም ማንም ሳይነካው ተጭኖ ይቀራል። ሰሌዳው ከዙሪያው ጠርዝ በወረቀት ውፍረት ከፍ ብሎ ይታያል፣ ክዳኑ ገጥሞ አይዘጋም፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ እግሩ እንዳጠረ ወንበር ይወዛወዛል። እነዚህ ከታዩ ማሽኑ ይጠፋል፣ ቻርጅ አይደረግም፣ ባትሪው ይወጣል። ሰሌዳውን በእጅ ተጭኖ ለመመለስ መሞከር፣ ይባስ ብሎም «ጋዙ እንዲወጣ» ባትሪውን በመርፌ መብሳት እሳት መጥራት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከፕሮሰሰሩ በፊት ይህን ጠርዝ በጣቱ ቢዳብስ ያተርፋል።

በጽሑፍ መሃል ጠቋሚው ሌላ መስመር ላይ ዘሎ ሲገኝ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መዳፍ ነው፤ አውራ ጣትም ይሆናል። በአማርኛ ሲጻፍ ጉዳቱ ለየት ይላል። በድምፅ የሚጻፍበት ኪቦርድ «ላ»ን የሚያወጣው በሁለት ምት ነው፦ መጀመሪያ «ል» ይወጣል፣ ከዚያ አናባቢው ሲመታ ወደ «ላ» ይለወጣል። በሁለቱ ምቶች መካከል መዳፍ ሰሌዳውን ከነካ «ሰላም» ሊሆን የነበረው «ሰል» ላይ ይቆማል፣ አናባቢው ሦስት መስመር ወደ ላይ ወጥቶ ሌላ ቃል መሃል ብቻውን «አ» ሆኖ ይገኛል። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ፣ ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ታችፓድ ሲገባ የስሜታዊነት መጠኑ በአራት ደረጃ ተቀምጧል፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል መዳፍን ችላ ማለት ይጀምራል። መታ መታ አድርጎ ክሊክ ማድረግንም እዚያው ማጥፋት ይቻላል።

አንዳንዴ ታችፓዱ ጭራሽ የለበትም። የገመድ አልባ ማውስ መቀበያ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ቀርቶ ማውሱ ቦርሳ ውስጥ ከመጽሐፍ ሥር እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። መስታወት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማውስም ይቃዣል። ኪቦርዱ መሃል ቀይ ጉብታ ያለው ቲንክፓድ ከሆነ ጠቋሚው ብቻውን ሲንሸራተት እጅን ለጥቂት ሰከንድ ማንሳት ነው፤ ጉብታዋ ራሷን እንደገና ታስተካክላለች። ስክሪኑ በንክኪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የተሰነጠቀ ወይም የረጠበ ስክሪን የሌለ ጣት ያያል፤ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የንክኪ ስክሪኑን ዲስኤብል አድርጎ ማየት ነገሩን ይለያል።

ሶፍትዌርን ከሃርድዌር የሚለየው ፈተና ነፃ ነው። ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ሰክቶ፣ ኢንስቶል ሳያደርጉ ለሙከራ ብቻ ከእሱ ማስነሳት። እዚያም ካበደ ዊንዶውስ ንጹሕ ነው፤ እዚያ ከተረጋጋ ችግሩ ድራይቨር ላይ ነው። በድሮ ማሽኖች የሲናፕቲክስ፣ የኢላን ወይም የአልፕስ ሶፍትዌር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከዊንዶውስ 8.1 ጋር የመጣውን ፕሪሲዥን ታችፓድ ግን ዊንዶውስ ራሱ ያስተዳድረዋል። ብልሽቱ ከአፕዴት ማግስት ከጀመረ ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው መመለስ፣ ያ ካልሆነ አንኢንስቶል አድርጎ ሪስታርት ማድረግ፣ ከዚያም ከአምራቹ ገጽ ለዚያው ሞዴል የወጣውን መጫን። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ወደ ማክቡኮች የገባው ሰሌዳ ላይ ደግሞ አንድ ብልሃት አለ፦ ክሊኩ የሚሰማው በንዝረት እንጂ በእውነተኛ መጫን ስላልሆነ ማሽኑ ሲጠፋ ሰሌዳው ድርቅ ይላል። ይህ ጤናው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተረጋጋ የሚቀረው ማሽኑን መክፈት ነው። ታችፓዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው እንደ ሪባን ጠፍጣፋ የሆነ ገመድ በመውደቅ ወይም በቀደመ ጥገና ከመቆለፊያው ሊላቀቅ ይችላል። ባትሪውን ቀድሞ ነቅሎ፣ መቆለፊያውን በጥፍር አንስቶ፣ ገመዱን አስተካክሎ መመለስ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሻይ የፈሰሰበት ከሆነ ግን ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛልና ሰሌዳው መለወጥ አለበት። ሲለወጥ የሚታየው መልኩና ስፋቱ ሳይሆን ጀርባው ላይ የተጻፈው የዕቃ ቁጥር ነው። ተተኪው እስኪመጣ ድረስ የዩኤስቢ ማውስ ሰክቶ፣ እዚያው የታችፓድ ሴቲንግ ውስጥ «ማውስ ሲሰካ ታችፓዱ እንደበራ ይቆይ» ከሚለው ላይ ምልክቱን ማንሳት ነው።